አንዲት ተኩስ ስንት ብር ታስከፍላለች?

ሞተር ሳይክል ያለው ነጋዴ ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። እስከ ትናንት ማታ ያለ እንከን ዕቃ ሲያመላልስ የነበረ ሞተር ዛሬ ጠዋት ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሲቀንሱለት በማርሚታው በኩል «ጧ!» ብሎ ይተኩሳል። መንገደኛው ዘወር ይላል፣ በጥላ ስር ያንቀላፋው ዘበኛ ብድግ ይላል። የሞተሩ ባለቤት ድንጋጤ ግን ሌላ ነው፤ ቀድሞ የሚዳብሰው ኪሱን ነው።

አይፈረድበትም። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ተጥሎ ፈቃድ ያገኙት ብቻ እንዲሠሩ ከተደረገ ወዲህ፣ ፈቃድ ያለው ሞተር ለባለቤቱ እንደ አንድ ሱቅ የሚቆጠር ነው። አንድ ቀን ቆመ ማለት የዚያን ቀን ገቢ ቀረ ማለት ነው፤ የአሽከርካሪው ደመወዝ ግን አይቀርም። በዚህ ላይ የሚተኩስ ሞተር በገበያው ዘንድ ክፉ ስም ወጥቶለታል። መካኒኩ «ሞተሩ አብቅቶለታል» ይላል፤ ደላላው ከመካኒኩ የሰማውን ይደግማል፤ ገዢውም ይህንኑ ይዞ ለዋጋ ክርክር ይመጣል። የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከዚህ የተለየ ነው። ድንገት መተኮስ ከሚጀምሩት ሞተሮች አብዛኞቹ የታመሙት በርካሽ ዕቃ ነው። በሽታውን ውድ የሚያደርገው ገበያችን ለመለዋወጫ እንጂ ለምርመራ ለመክፈል እጁ አልፈታ ማለቱ ነው።

የራሴን ኪሳራ ላስቀድም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመርካቶ ወደ ልዩ ልዩ ሰፈሮች ለባለሱቆች ዕቃ የምታመላልስ አንዲት የህንድ ሞተር ነበረችኝ። አንድ ሰኞ አሽከርካሪዬ «ጋሼ፣ ሞተሯ ትተኩሳለች» አለኝ። ወደ አንድ ጋራዥ ላክኋት። መካኒኩ ሁለት ጊዜ አስነስቶ ሰማና፣ አንዲት ብሎን እንኳ ሳይነካ «ካርቡሬተሩ ሞቷል» ሲል ፈረደ። አዲስ ካርቡሬተር ተገዝቶ ገባ። ሁለት ቀን ዝም አለች፤ በሦስተኛው ቀን እንደገና ተኮሰች። ሁለተኛው ጋራዥ ደግሞ ቫልቭ ነው ብሎ ቴስታታው እንዲወርድ ጠየቀ። እኔም ተሰላቸሁና ለደላላ ሰጠኋት። ደላላው ገዢዎች ፊት አስነሳት፤ ሦስት ጊዜ ተኮሰች፤ በእያንዳንዷ ተኩስ ዋጋው አንድ ደረጃ ወረደ። በመጨረሻ የተቀበልኩት ገንዘብ አዲሱን ካርቡሬተር ሲቀንሱት እዚህ ሊጻፍ የሚያሳፍር ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ገዢውን በዚያችው ሞተር ላይ ተቀምጦ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አገኘሁት። ድምጿ እንደ ስፌት መኪና ነው። ምን እንዳደረጋት ብጠይቀው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ማርሚታው ቴስታታው ላይ የሚገጥምባት ጓርኒሲዮን ተበልታ ነበር፤ አንደኛው ዳዶም ወልቆ ወድቋል። እነሱን ቀየርኩ፤ በቃ» አለኝ። ዋጋው ለሁለት ሰው ምሳ የሚሆን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ዝምታ ምስጢርም ያኔ ገባኝ፤ መካኒኩ ካርቡሬተሩን ሲቀይር የላላውን ማርሚታ አጥብቆት ኖሯል። ያዳናት ያ መጠበቁ ሲሆን እኔ የከፈልኩት ግን ለካርቡሬተሩ ነው።

ለመሆኑ አንዲት ጓርኒሲዮን እንዴት ይህን ሁሉ ድምፅ ታወጣለች? ነገሩ እንዲህ ነው። አሽከርካሪው በፍጥነት እየሄደ ድንገት ነዳጅ ሲቀንስ፣ ሞተሩ በውስጡ ያለውን ትንሽ ነዳጅ በሙሉ ማቃጠል ያቅተዋል። ያልተቃጠለው ነዳጅ ከጭሱ ጋር ወደ ጋለው ማርሚታ ይወጣል። በማርሚታው ውስጥ በቂ አየር ከሌለ በዝምታ ያልፋል። መገጣጠሚያው ካፈሰ ግን ጭሱ በግፊት ይወጣና ወዲያው መልሶ ከውጭ አየር ይስባል። ነዳጅ፣ አየርና ሙቀት በአንድ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው። ፍንዳታው የሚሰማው ከዚያ ቱቦ ነው፤ ሞተሩ ውስጥ ምንም ነገር ላይሰበር ይችላል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት «ምን ተበላሸ?» ሳይሆን «መቼ ነው የሚተኩሰው?» የሚለው ነው። ነዳጅ ሲቀንሱ ብቻ ከሆነ ከላይ ያልነው የጭስ መገጣጠሚያ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነስቶ በመገጣጠሚያው ዙሪያ የሳሙና ውሃ ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ የሚያፈስ ከሆነ አረፋ ይሠራል። (ቱቦው በደቂቃ ውስጥ ስለሚግል እጅን መጠንቀቅ ነው።) አንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ጭሱን ለማጥራት ንጹሕ አየር ወደ ማርሚታው የምታስገባ ትንሽ ቫልቭ አላቸው። ነዳጅ ሲቀንሱ መዘጋት ሲገባት ካልተዘጋች፣ ወይም የላስቲክ ቱቦዋ ከተሰነጠቀ፣ ያው ድምፅ ይመጣል። ብዙ መካኒክ መኖሯን ይረሳታል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ በመግቢያው በኩል ነው። ካርቡሬተሩን ከቴስታታው ጋር የሚያገናኘው ጎማ በፀሐይና በሙቀት ይሰነጠቃል። ከዚያ የሚገባው ትርፍ አየር ድብልቁን ያቀጥነዋል፤ አየሩ ይበዛል ነዳጁ ያንሳል። ቀጭን ድብልቅ እሳት ለመያዝ ያመነታል፤ ሳይቃጠል የወጣው ማርሚታው ውስጥ ይተኩሳል። ሞተሩን በሚኒሞ እያስጮሁ ጎማው ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ ሲያደርጉ ድምፁ ከተለወጠ ስንጥቁ ተገኘ ማለት ነው። ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ እኔ አልመክርም፤ ሞተር ፈልጎ ሱቅ ማቃጠል ይመጣል። ሚኒሞው ራሱ የሚንቀጠቀጥና ሞተሩ በቶሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ለሚኒሞ ቤንዚን የምታሳልፈው ቀጭን ቀዳዳ በቆሻሻ ተዘግታ ይሆናል። ይህ ማጽዳት እንጂ አዲስ ካርቡሬተር መግዛት አያስፈልገውም።

ስለ ቤንዚኑ አንድ ነገር ላክል። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን በጀሪካን ተገዝቶ የገባ ቤንዚን ውሃና ዝገት ይዞ ይመጣል። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን አላልቶ ጥቂት ቤንዚን በብርጭቆ መቀበልና ለደቂቃዎች ማስቀመጥ ነው። ውሃ ካለ ከታች ይቀመጣል፤ በዓይን ይታያል። ለዚህ ምርመራ መካኒክ እንኳ አያስፈልግም። ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ ሦስት ሞተር በአንድ ሳምንት ተኮሱበትና «ተንኮል ተሠራብኝ» ብሎ ሊከስ ሲል፣ ሦስቱም የተቀዱት ከአንድ በርሜል ሆኖ ተገኘ።

ተኩሱ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት፣ ጉልበት ሲጠየቅ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ እሳቱ ይዞራል። ካንዴላው አርጅቶ፣ ቆቡ ላልቶ ወይም ቦቢናው ሲግል እየደከመ እሳት ይዘላል። የተዘለለው ነዳጅ ተከማችቶ በሚቀጥለው እሳት ማርሚታው ውስጥ ይነሳል። ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ብዙ ይነግራል። ጫፉ የቡና ቡኒ ከሆነ ጤና ነው፤ የነጣ ከሆነ ድብልቁ ቀጥኗል፤ በጥቀርሻ የጠቆረ ከሆነ ነዳጅ በዝቷል። የጫፉ ክፍተት በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.9 ሚሊሜትር ነው። ካንዴላ ከሞተር ዕቃዎች ሁሉ በርካሽነቱ ከፊተኞቹ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚታወሰው በመጨረሻ ነው።

በማርሚታው ሳይሆን በካርቡሬተሩ በኩል የሚያስነጥስ ሞተር ለብቻው ይታያል። ጠዋት ሳይሞቅ አንድ ሁለት ጊዜ ቢያስነጥስ ብዙ አያስጨንቅም። ሞቆም ካስነጠሰ የመግቢያ ቫልቩ አይገጥምም ወይም ታይሚንጉ ተዛብቷል፤ እዚህ ላይ መካኒኩ ሞተሩን ልክፈት ቢል እውነት ሊኖረው ይችላል። ያም ቢሆን በመጀመሪያ የቫልቩ ሬጅስትሮ ይለካ። ክፍተቱ ጠፍቶ ቫልቭ ሳይዘጋ የቀረ ሞተር ብዙ አለ፤ እሱን ማስተካከል የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ለኢንቨስተሩና አገር አቋርጦ ለሚነግደው አንባቢ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ አለ፤ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሯ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተር ያለው ሞተር እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል። መካኒኮቻችንም ነዳጁን ይቀንሱለታል፤ ለእዚህ ልክ ነው። ያው ሞተር ተጭኖ ድሬዳዋ ሲደርስ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ወርዷል፤ ሰመራ ከደረሰ ደግሞ ከ500 ሜትርም በታች ነው። የቆላው አየር ወፍራም ነው፤ ለአዲስ አበባ የተቀነሰው ነዳጅ አይበቃውም፤ ድብልቁ ይቀጥናል፣ ሞተሩም ይተኩሳል። ገዢው «አዲስ አበባ ያረጀ ሞተር ሸጡልኝ» ይላል፤ ሻጩ «እኔ ስሸጥ ጤነኛ ነበር» ይላል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ወደ ቆላ ሞተር የሚልክ ነጋዴ ካርቡሬተሩ እዚያው ሲደርስ እንደገና እንዲስተካከል በዋጋው ውስጥ ቢያስገባው ስንት ጠብ ይቀር ነበር!

ይህ ማለት ተኩሱ ችላ ይባል ማለት አይደለም። በቀጭን ድብልቅ የሚሠራ ሞተር ከልክ በላይ ይግላል፤ ሙቀቱ በጊዜ ብዛት የጭሱን ቫልቭ ይበላዋል። ያን ጊዜ መካኒኩ «ቴስታታው ይውረድ» ቢል መልስ የለም።

አሁን ወደ ገበያው ልመለስ። መካኒኩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሞተር ገፍተን እንወስድለታለን፤ ግማሽ ቀን ፈልጎ አንዲት ዳዶ አጥብቆ ቢመልስልን «ለዳዶ ማጥበቂያ ይህን ያህል?» ብለን እንጮሃለን። ካርቡሬተር ቀይሮ አሥር እጥፍ ቢጠይቀን ግን አሮጌውን ዕቃ በእጃችን ስለሚሰጠን እናምነዋለን። ከሶማሌ ተራ ዕቃ ሲገዛም የራሱ ትርፍ አለው። እንዲህ ባለ ገበያ የሚመረምር መካኒክ ይከስራል፣ የሚቀይር ያተርፋል። ታዲያ ማን ይመርምርልን?

ደላላውም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ሁሉን አልኮንንም፤ ቃሉን የሚጠብቅ ደላላ ብዙ አውቃለሁ። ነገር ግን ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን አሙቆ የጠዋቱን ማስነጠስ የሚደብቅ አለ። ሞተር ልትገዛ ስትሄድ ገና ሳይነሳ የሞተሩን ጎን በእጅህ ዳብስ፤ ከሞቀ «ለምን?» ብለህ ጠይቅ። በተቃራኒው ደግሞ ሻጭ ዘወር ሲል የካንዴላውን ቆብ በመጠኑ አላልቶ፣ ሞተሩ ሲተኩስ ዋጋ የሚያስቀንስ አንድ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። የሚሸጥ ሰው ከሞተሩ አጠገብ አይራቅ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ስለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል፤ ሲዋዋል ያውቀው የነበረውን ጉድለት ግን ቆይቶ መክሰሻ ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ «ነዳጅ ሲቀንሱ ይተኩሳል፤ ገዢ አውቆ ገዝቷል» የምትል አንዲት መስመር በውሉ ላይ ብትገባ ሻጭን ከነገ ንትርክ ታድነዋለች። ለገዢም ቢሆን ዋጋ የሚያስቀንስባት ሕጋዊ መስመር ናት። እንዲህ የሚጻፍ ውል ግን ብዙ አላየሁም፤ ሁሉም በቃል «እንደሚታየው» ተባብሎ ይለያያል።

እኔ ከዚያች ሞተር በኋላ ልማዴን ለውጫለሁ። ጋራዥ ስሄድ መጀመሪያ የምነጋገረው ስለ ምርመራ ዋጋ ነው፤ ዕቃ ቢቀየርም ባይቀየርም ይከፈላል። አሽከርካሪዬም ሞተሩ ሲተኩስ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ አራት ነገር ይጽፋል፤ ሞቆ ነው ቀዝቅዞ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ነው ሲቀንስለት፣ በማርሚታ ነው በካርቡሬተር፣ ቤንዚኑስ ከየት ተቀዳ። ወረቀቷ ከሞተሩ ጋር ወደ ጋራዥ ትሄዳለች። መካኒኩ መጀመሪያ ሲያያት ስቆ ነበር፤ አሁን ግን ከሌሎቹ ደንበኞቹም «ወረቀት አምጡ» እያለ ይጠይቃል።