ክሪክ የሚለው ስም አሳስቶናል

የዛሬው ጽሑፋችን ፖለቲካ የለበትም። ስለ ክሪክ ነው። “ደግሞ በክሪክ ምን ሊሉ ነው?” የምትሉ አንባቢዎቻችን ትንሽ ታገሡን።

ባለፈው ሐምሌ ስድስት ሆነን ተሳቢ ቤት ተከራየንና ቨርጂኒያ ወደሚገኘው የሸነንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ወጣን። ተሳቢ ቤት የምንለው በፒክአፕ የሚጎተተውን፣ አልጋም ምድጃም ያለውን ትሬለር ነው። ጀበናና ረከቦት አልረሳንም። የረሳነው ቤቱ እንዴት እንደሚቆም መጠየቁን ነው። አከራዩም ገንዘቡን ተቀብሎ ቁልፉን ከማስረከብ በቀር ያለን ነገር የለም።

የደረሰን ቦታ ዘቅዘቅ ያለ ነበር። “መኪና አውቃለሁ” ባዩ ጓደኛችን ቤቱን ከፒክአፑ ፈታና ዝቅ ያለውን ጎን ማዕዘኑ ላይ ባለው ክሪክ ያነሳው ጀመር። ጎማው መሬት ሊለቅ ሲል ቤቱ ሲጥ አለ፤ ክሪኩም ጎበጠ። ከጎናችን የሰፈሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ እየሮጡ መጥተው አስቆሙንና “ታኮውስ?” አሉን። ታኮ አላደረግንም ነበር። ሁለት እህቶቻችን ደግሞ ውስጥ ሆነው ዕቃ እየደረደሩ ነው።

ያሳሳተን ስሙ ነው። እኛ ክሪክ ሲባል የምናውቀው ጎማ ሲተነፍስ መኪና የምናነሳበትን ነው። የተሳቢ ቤት የማዕዘን ክሪክ ግን ለማንሳት አልተሠራም። ቤቱ የሚቆመው በጎማዎቹና በባሌስትራው ላይ ስለሆነ ሰው በተራመደ ቁጥር ይወዛወዛል፤ የማዕዘኑ ክሪክ ሥራ ይህን ውዝዋዜ መቀነስ ብቻ ነው። ክብደቱን ካሸከሙት ወይ እሱ ይጎብጣል፣ ወይ ሻንሲው ይጣመማል። አንዳንድ ትልልቅ ባለሞተር ቤቶች ቤቱን የሚያነሳ የሃይድሮሊክ ክሪክ አላቸው፤ ያ ሌላ ዕቃ ነው። ስለዚህ እኛ ከእንግዲህ ይሄኛውን “መደገፊያ” ልንለው ወስነናል። መደገፊያ ብሎ የጠራው ሰው ሊያነሳበት አይነሳም።

ሽማግሌው ያስተማሩን ቅደም ተከተል ይህ ነው። ቤቱ ከመኪናው ሳይፈታ ዝቅ ባለው በኩል ጎማው ጣውላ ላይ እንዲወጣ ይደረግና ግራና ቀኙ በውሃ ልክ ይታያል። ቀጥሎ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በታኮ ይያዛሉ፤ ተሳቢው እንደ መኪና የእጅ ፍሬን የለውምና። ከመኪናው የሚፈታው ከዚህ በኋላ ነው። ፊትና ኋላው የሚስተካከለው መጎተቻው ጫፍ ላይ ባለው ክሪክ ነው፤ እሱ በእርግጥ ያነሳል። መደገፊያዎቹ በመጨረሻ ወርደው መሬት ነክተው ጠበቅ ሲሉ ይበቃቸዋል። አፈሩ ለስላሳ ከሆነ ከሥራቸው ጣውላ ይነጠፋል። ሲሄዱ መደገፊያው ቀድሞ ይነሳል፤ ታኮው የሚወጣው ቤቱ ከመኪናው ጋር ከተያያዘ በኋላ ነው።

“ለሁለት ሌሊት ይህ ሁሉ ጣጣ?” የሚሉን ይኖራሉ። ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም። ያልተያዘ ቤት ቁልቁል ለመንከባለል ግን አንድ ደቂቃም አይፈልግም።

ጥፋቱን ሁሉ በአከራዩ አናላክክም፤ እኛም “አናውቅም” ማለት አፍረን ነበር። ሆኖም ለማያውቅ ሰው ቤት የሚያከራይ፣ ከቁልፉ ጋር አሥር ደቂቃ ማሳየት አለበት እንላለን። ተከራይም ሳያይ ቁልፍ አይቀበል። በየሰመሩ ከቤተሰብ ጋር የምትወጡ ወገኖቻችን፣ “አሳየን” ማለት ነውር የለውም።

በማግስቱ ቡና አፍልተን ሽማግሌውን ጠራናቸው። እህታችን ሲኒ ይዛ ስትዞር ቤቱ ትንሽ ተወዛወዘ። “ይሄ ደንብ ነው” አሉን ፈገግ ብለው፤ “እንዳይሄድ እንጂ እንዳይነቃነቅ ማን አላችሁ?”