ጽሕፈት የቋንቋ መምህር ሥራ ብቻ ነውን?



በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ወጣት መሐንዲስ ስለ አንድ ድልድይ ዘገባ አቀረበ። ስሌቱ እንከን አልነበረበትም፤ ነገር ግን «ለከባድ መኪና ይዘጋ» የሚለው ቃል 9ኛው ገጽ ላይ ተቀብሮ ስለ ነበር አለቆች ሳያዩት 12 ቀን ሙሉ ካሚዮን ተመላለሰበት። እግዚአብሔር ጠብቆ አደጋ አልደረሰም።

ልጁን አልወቅሰውም። በዩኒቨርሲቲ ጽሕፈት የተማረው በመጀመሪያው ዓመት፥ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መምህራኑ ቁጥሩን እንጂ ዓረፍተ ነገሩን አላረሙለትም። የድልድይ ዘገባ አጻጻፍን ከድልድይ መምህር በቀር ማን ያስተምረው? የሒሳብ አያያዙም፥ የእርሻውም፥ የጤናውም እንዲሁ ነው። «ተማሪው ብዙ ነው» ይባላል፤ እውነት ነው። ቢሆንም 40 ገጽ ተቀብሎ ማርክ ብቻ ከመስጠት፥ አንዲት ገጽ አስጽፎ፥ «ዋናውን ነገር ወደ ፊት አምጣው» ብሎ መልሶ፥ ደግሞ ማስጻፍ ይበልጣል።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ