የሹራብ ኮድ፦ ሞጆ ላይ ይጣራ ወይስ ዕቃው ከወጣ በኋላ?

ከአዲስ አበባም ሆነ ከአዳማ ተነስቶ ወደ ላንጋኖ የሚወርድ መንገደኛ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ማታ የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ከሻንጣው የሚያወጣው ሹራብ ከውጭ የመጣ ከሆነ፣ ምናልባት እዚያው ሞጆ ደረቅ ወደብ ውስጥ ከኮንቴይነር ወርዶ ቀረጥ ተሰልቶበት ይሆናል። ከስሌቱ በፊት ግን ልብሱ ምን እንደሆነና በየትኛው የታሪፍ ኮድ እንደሚመደብ መታወቅ አለበት። ሁለቱ ጸሐፊዎች የማይስማሙት ይህ መቼ ይጣራ በሚለው ላይ ነው።

አንደኛው ጸሐፊ፦ ዕቃው ይውጣ

እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የሸቀጦች መለያ ሥርዓት ልብስን በአሠራሩ ይከፍላል። ድርና ማግ ያለው ምዕራፍ 62 ይገባል፤ በቀለበት የተያያዘው፣ እንደ ሹራብና ካናቴራ ያለው፣ ምዕራፍ 61። እስከዚህ ድረስ ማንም ነጋዴ በዓይኑ ይለያል።

ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። ሹራብ 61.10 ሥር ከገባ በኋላ እንደገና በክሩ ይከፈላል፦ ሱፍ፣ ጥጥ፣ ሰው ሠራሽ። ድብልቅ ሲሆን በክብደት ያመዘነው ክር ይወስናል፤ 55 በመቶ ጥጥና 45 በመቶ አክሪሊክ የሆነው የጥጥ ሹራብ ነው። ሸሚዝ መሳዩ ደግሞ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሴንቲሜትር በአማካይ ከ10 ያነሰ ቀለበት ካለው ከሸሚዝ መደብ ይወጣል። ይህን ሁሉ ኮንቴይነር አስቁሞ መቁጠር ለማን ይበጃል? ያለቀለት ልብስ በኢትዮጵያ ታሪፍ ለዓመታት በከፍተኛው እርከን፣ በ35 በመቶ፣ ሲቀረጥ ኖሯል። ጥጥም ሆነ አክሪሊክ መቶኛው ያው ነው። ዕቃው በቆመ ቁጥር የሚቆጠረውን የመጋዘንና የኮንቴይነር ኪራይ በመጨረሻ የሚከፍለው ባቱ ወይም ሻሸመኔ ገበያ ላይ ለልጁ ሹራብ የሚገዛው ወላጅ ነው።

ስለዚህ ትራንዚተሩ በዲክላራሲዮኑ ያሰፈረው ይያዝ። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ዕቃ ከወጣ በኋላ ሰነድ የሚመረመርበትን መንገድ አስቀምጧል።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ በሩ ላይ ይጣራ

መቶኛው አንድ ስለሆነ የሚከፈለው ገንዘብ አንድ ነው ማለት ስህተት ነው። መቶኛው የሚሰላው በዋጋ ላይ ነው። አስመጪው ያቀረበው ዋጋ ተቀባይነት ካጣ ጉምሩክ ተመሳሳይ ዕቃ በምን ዋጋ እንደተስተናገደ ይመለከታል፤ ኮዱ የተሳሳተ ከሆነ ንጽጽሩም ይሳሳታል። የሱፍ ሹራብ 900 ብር፣ የአክሪሊኩ 500 ብር ይገመት እንበል። በ35 በመቶ የአንዱ ቀረጥ 315፣ የሌላው 175 ብር ነው፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱም በዚያ ላይ ይሰላል። ይህ በአንድ ሹራብ ነው፤ በኮንቴይነር ሲባዛ ጎድሎ የሚቀረው የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ከዚያ የሚብስም አለ፦ ሰልባጅ። ያገለገለ ልብስ 63.09 የተባለ የራሱ መደብ አለው፤ መለያውም በግልጽ የሚታይ ያረጀ ገጽታና በቦንዳ ታስሮ መምጣቱ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለንግድ ማስገባቱ የተከለከለ ነው። አዲስ ሹራብ ተብሎ የተመዘገበ ቦንዳ በሩን ካለፈ በኋላ በየገበያው ይበተናል፤ ኦዲተሩ የሚያገኘው ወረቀቱን ብቻ ነው።

ለአልባሳት ሥራ በታሰበውና በ2011 በተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሹራብ ማምረት የሚፈልግ ሰውም የትኛው ዓይነት በብዛት እንደሚገባ የሚያውቀው ከዚሁ ኮድ ነው። አገራት ቀረጥን በኮድ እንዴት እንደሚለዩ ማየት ለፈለገ ደግሞ አሜሪካ ትበቃለች፤ በመደበኛው ታሪፏ የጥጥ ሹራብ 16.5 በመቶ ሲከፍል የሰው ሠራሹ 32 በመቶ ይከፍላል። ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ከታገደችበት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ይህ ልዩነት የላኪዎቻችን ጉዳይ ሆኗል። ውጭ ስንሸጥ በክር የምንለካ፣ ስንገዛ ዓይናችንን የምንጨፍንበት ምክንያት የለም።

ማጣራቱም ያን ያህል አድካሚ አይደለም። ክሩን እሳት ይንካው፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አክሪሊክ ይቀልጥና ጠጣር ይሆናል።

የአንደኛው ጸሐፊ መልስ

ስለ ሰልባጁ አንደኛው ጸሐፊ አይከራከርም፤ ቦንዳ ይከፈት። እሳት ግን የክሩን ዓይነት እንጂ መጠኑን አይናገርም። ጥጡ 55 በመቶ ይሁን 45 የሚለየው ላቦራቶሪ ነው፤ ውጤቱ እስኪመጣም ኮንቴይነሩ ሞጆ ቆሟል። ሁለተኛው ጸሐፊ ናሙና ተወስዶ ዕቃው በዋስትና ይውጣ ቢባል ይስማማል፤ ኮዱ ግን ያለ ውጤት አይጽደቅ ባይ ነው።