ጨዋታ ሁሉ ዋዛ አይደለም

አዲስ ነገር ወደ አገራችን በገባ ቍጥር በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው መርማሪ ሳይሆን ፈራጅ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ትርኢቱ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአውሬዎች ምሳሌነት የጻፉት የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔትም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዶ ነበር። ዛሬ ሲኒማውም ተውኔቱም በዩኒቨርሲቲዎቻችን በትምህርትነት ይሰጣሉ፤ ሰይጣኑ ከቤቱ መቼና በየትኛው በር እንደ ወጣ የሚናገር ሰው ግን አልተገኘም።

ዛሬ ደግሞ ተራው የቪዲዮ ጨዋታ ሆኗል። በአምቦና በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶና በባኮ፣ ወጣቶች ከጆተኒውና ከፑሉ አልፈው ፕሌይስቴሽን ቤት ተሰብስበው ሲጫወቱ ያየ ሰው ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል፤ «ሥራ ፈትነት ነው» ይላል። ይህን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የተማረ ነው፤ መጽሐፍ ያከብራል፤ ልጆቹም እንዲያነቡ ይመክራል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱን እንኳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትሎ አያውቅም። ሽፋኑን ብቻ አይቶ መጽሐፍ የሚያወግዝ መምህር ቢኖር ምን እንደምንለው እናውቃለን። ታዲያ ይህን ሰው ምን እንበለው?

በመጀመሪያ «ጨዋታ» የሚባለውን ሁሉ በአንድ ከረጢት መክተት አይገባም። ለገንዘብ የሚደረግ ውርርድ አለ፤ ይህ ቁማር ስለ ሆነ ጠበቃ አልቆምለትም። የእግር ኳስ ግጥሚያን በቴሌቪዥን መስኮት የሚያስመስል ጨዋታ አለ፤ ይህም ከጆተኒ የሚለየው በመሣሪያው ብቻ ነውና ለመዝናኛ ያህል ነውር የለበትም። ከእነዚህ የተለየ ሦስተኛ ወገን ደግሞ አለ፤ ይኸውም ገጸ ባሕርያት፣ ሴራና ጭብጥ ያለው፣ ተጫዋቹ እያነበበና እየመረጠ ወደ ፍጻሜው የሚያደርሰው ታሪክ ነጋሪ ጨዋታ ነው። የምከራከረው ለዚህ ለሦስተኛው ነው። ይህ ወገን ከሥነ ጽሑፍ ጋር ሊቈጠር ይገባዋል፤ የከተሞቻችን ወጣቶች እርሱን ሳያውቁ መቅረታቸውም የእነርሱ ጥፋት አይደለም፤ የእኛ ነው።

የዚህ ዓይነት ጨዋታ ትውልዱ ከንባብ ነው። ዊልያም ክራውዘር የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ዋሻ መመርመር የሚወድ ሰው ነበር። ከሚስቱ ጋር ከተለያየ በኋላ ሴቶች ልጆቹን የሚያስደስትበትን ነገር ሲፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በኬንታኪ የሚገኘውን የማሞዝ ዋሻ መሠረት አድርጎ «ኮሎሳል ኬቭ አድቬንቸር» የተባለውን ጨዋታ ሠራ፤ በ1977 ደግሞ ዶን ዉድስ የተባለ ሌላ ባለሙያ አስፋፋው። በዚህ ጨዋታ አንድ ሥዕል እንኳ የለም። መሣሪያው የዋሻውን ሁኔታ በጽሑፍ ይነግራል፤ ተጫዋቹም አንብቦና አስቦ የሚያደርገውን በጽሑፍ ይመልሳል። ማንበብ የማይችል ሰው በዚያ ዋሻ ውስጥ አንድ እርምጃ አይራመድም። እንግዲህ «ጨዋታ የንባብ ጠላት ነው» የሚለው ክስ ይህ ምስክር እያለ ሊጸና አይችልም።

ደግሞስ እኛ ጨዋታንና ወግን መች ለያይተን እናውቃለን? በአማርኛ «ና እንጫወት» ማለት ኳስ እንምታ ማለት ብቻ ሳይሆን ተቀምጠን እናውጋ ማለትም ነው፤ «ጨዋታ ዐዋቂ» የምንለውም ነገር የሚያጣፍጠውን ሰው ነው። እንቆቅልህን እንመልከት። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል። በምዕራብ ሸዋ ኦሮምኛ ተናጋሪ ቤቶችም ልጆች «ሂቦ» እየተባባሉ፣ ከአያቶቻቸውም «ኦዱ ዱሪ» እየሰሙ አድገዋል። በእንቆቅልህም ሆነ በሂቦ ሰሚው እጁን አጣጥፎ የሚያዳምጥ አልነበረም፤ ይመልሳል፣ ይሳሳታል፣ ይረታል፣ ያሸንፋል። የታሪክ ነጋሪ ጨዋታ ጥበብም ይኸው ሰሚውን የነገሩ ተካፋይ ማድረግ ነው። አባቶቻችን «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ፤ ዛሬ የተለወጠው ብርሌው ነው እንጂ ጠጁ የቆየ ነው።

ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የሚቀርብ ምሳሌ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሉካስ ፖፕ የተባለ ሰው ያወጣው «ፔፐርስ ፕሊዝ» የተሰኘ ጨዋታ አለ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ሰይፍ የታጠቀ ጀግና አይደለም፤ አርስቶትስካ በምትባል የፈጠራ አገር ድንበር ላይ በጠባብ ክፍል ተቀምጦ የመንገደኛ ወረቀት የሚመረምር ሠራተኛ ነው። ደመወዙ በሚያስተናግደው ሰው ቍጥር ይታሰባል፤ ስሕተት ሲደጋግም ይቀጣል፤ ማታ ደግሞ በቀረችው ገንዘብ የቤት ኪራይ፣ የምግብና የማሞቂያ ወጪ መሸፈን አለበት። መመሪያው በየጊዜው ይለወጣል። አንድ ቀን ወረቀቱ የተሟላ ባል ያልፍና ከኋላው ለምትመጣው ሚስቱ እንዲራራላት ይማጸናል። ሚስቲቱ ስትቀርብ የመግቢያ ፈቃድ የላትም፤ ብትመለስም እንደምትገደል ትናገራለች። ማኅተሙ ያለው በተጫዋቹ እጅ ነው። ቢያሳልፋት ማስጠንቀቂያው፣ ቢመልሳት ጸጸቱ የእርሱ ነው። ስለ ሥራ ሥነ ምግባር በስብሰባ ብዙ ሰምተናል፤ ማኅተሙን አስይዞ «አንተስ ብትሆን?» የሚል ትምህርት ግን ምን ያህል አግኝተናል?

ከቀደሙት ጨዋታዎችም አንዱን ብጠቅስ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓን የወጣው «ክሮኖ ትሪገር» ወጣቶች በዘመናት መካከል እየተመላለሱ ዓለምን ከሚመጣባት ጥፋት ለማዳን ሲጥሩ ይተርካል። በአንዱ ክፍል ሮቦ የተባለው ከብረት የተሠራ ጓደኛቸው በረሓ የሆነን ምድር ደን ለማልበስ ወደ ኋላ ይቀራል። ለጓደኞቹ ያ ጊዜ እንደ ዐይን ጥቅሻ ሲያልፍ ለእርሱ 400 ዓመት የሥራ ዘመን ነው። ተመልሰው ሲያገኙት ሰውነቱ ደክሞ መንቀሳቀስ አቁሟል፤ ደኑ ግን ለምልሟል። ከጊንጪ አጠገብ ያለውን የጭሊሞን ደን የሚያውቅ ተማሪ ይህን ታሪክ ተጫውቶ ሲፈጽም፣ ደን ማለት በአንድ ቀን ዘመቻ የሚቆም ነገር እንዳልሆነ ማንም ሳይሰብከው ያስተውላል።

በዘመናችን ደግሞ ብዙዎቹ ጥሩ ታሪክ ነጋሪ ጨዋታዎች የሚወጡት ከትልልቅ ኩባንያዎች ሳይሆን ከትናንሽ ነጻ ቡድኖች ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ኔቨር አሎን» ከአላስካ የኢኑፒያት ሕዝብ ሽማግሌዎችና ተረት ነጋሪዎች ጋር ተመክሮበት፣ ከጥንት ተረታቸው ተወስዶ፣ ትረካውም በራሳቸው ቋንቋ የተሰማበት ነው። በ2024 የወጣው «ቴልስ ኦቭ ኬንዜራ» አቡበከር ሳሊም የተባለ ትውልደ ኬንያዊ እንግሊዛዊ የአባቱን ሞት ኀዘን በባንቱ ሕዝቦች አፈ ታሪክ አልብሶ ያቀረበበት ነው። በ2014 የወጣው የፖላንዱ «ዚስ ዋር ኦቭ ማይን» ደግሞ ጦርነትን ከወታደሩ ሳይሆን በተከበበች ከተማ ምግብና መድኃኒት ካጣው ሰላማዊ ሰው ወገን ያሳያል፤ መነሻውም የሳራዬቮ ከበባ ነው። የፖላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን ጨዋታ ዕድሜያቸው 18 ዓመት ለሞላቸው ተማሪዎች ከሚመከሩት ንባቦች ዝርዝር ውስጥ እንደሚያገባው አስታውቋል። እኛ ፕሌይስቴሽን ቤት እንዘጋ ወይስ እንተው ስንባባል ሌላው ጨዋታን ከንባብ ቈጥሮታል።

መቼም ተቃዋሚዎቼ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። «ልማድ ሆኖ ይይዛል» ይላሉ፤ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከቍጥጥር የወጣ የጨዋታ ልማድን እንደ ሕመም አስፍሯል። ነገር ግን መዝገቡ የሚናገረው ሕይወቱን እስኪያበላሽበት ድረስ ራሱን መግታት ስላቃተው ሰው ነው እንጂ ስለ ተጫዋች ሁሉ አይደለም፤ ጠጅ የሚያሰክረው ሰው አለ ተብሎ ማር አይወገዝም። «ደም ማፍሰስ ያስተምራል» ይላሉ፤ እንዲህ ያለው ጨዋታ መኖሩን አልክድም፤ ስለዚህም ነው የሚመርጥና የሚመራ መምህር ያስፈልጋል የምለው። የሚያሳዝነው ግን ከተማውን የሞላውን የስፖርት ውርርድ ደፍሮ የማይናገር ሰው በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጨዋታ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ነው፤ ነገሩ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆናል።

ከሁሉ የሚብሰው ክስ «ወጣቱ ራሱ ከእግር ኳስ በቀር አይፈልግም» የሚለው ነው። ይህ ምክንያቱን ሳይመረምሩ ውጤቱን መውቀስ ነው። በጨዋታ ቤቶች ሒሳቡ የሚከፈለው በግጥሚያ ወይም በሰዓት ነው። አንድ ግጥሚያ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ አንድ ታሪክ ግን ሃያና ሠላሳ ሰዓት ይፈልጋል። ኪሱ ጥቂት ብር ያላት ተማሪ እንዴት አድርጎ ሠላሳ ሰዓት ይግዛ? ዛሬ ያቆመበትን ምዕራፍስ ነገ ሌላ ሰው በያዘው መሣሪያ ላይ በየት ያገኘዋል? በዚህ ላይ እግር ኳስ ቋንቋ አይጠይቅም፤ ታሪኩ ግን በእንግሊዝኛ ወይም በጃፓንኛ ተጽፏል። አማርኛና ኦሮምኛ የሚያነብ ልጅ በማያውቀው ቋንቋ የተዘጋ መጽሐፍ ተሰጥቶት ባያነብ ሰነፍ ይባላልን? ያላዩት አገር አይናፍቅም።

ይህን በር እንዴት እንደሚከፍቱት ያሳየን የዚሁ አገር ልጅ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በተባለ ስፍራ ተወለደ፤ ገና በአምቦ ተማሪ ሳለም ትያትር ጻፈ። ካደገ በኋላ «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ መለሰ። ሼክስፒር የባዕድ ነው ብሎ አልተወውም፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ይነበብ ብሎም አልተቀመጠም። በጨዋታም መስክ ይህን የመሰለ ሥራ ተሠርቷል። ሺጌሳቶ ኢቶይ የተባለው ጃፓናዊ ደራሲ የጻፈው «ማዘር 3» እ.ኤ.አ. በ2006 በጃፓንኛ ብቻ ወጥቶ ነበር፤ አንባቢዎቹ ግን ተባብረው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ በ2008 ወደ እንግሊዝኛ ተረጐሙት። እኛ ዘንድም እጅ አልጠፋም፤ አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን የዶሮ ሩጫ ጨዋታ ሠርቶ አሳይቷል። ዶሮዋን ማስሮጥ የቻለ እጅ ተረቱንም ቢያስነግራት ምን ይከለክለዋል?

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። የቆዩት ጨዋታዎች፣ በተለይም በጽሑፍ ብቻ የሚሄዱት፣ አሮጌ በሆነ ኮምፒዩተርም ይሠራሉ። የኮምፒዩተር ክፍል ያለው በአምቦም ሆነ በጌዶ የሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክበቡን ሰብስቦ በአንድ መንፈቅ አንድ ጨዋታ ያስነብብ። አንዱ ተማሪ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌላው ይተርጕም፤ ምርጫውን በክርክር ይወስኑ፤ በመጨረሻም ስለ ገጸ ባሕርያቱና ስለ ጭብጡ ድርሰት ይጻፉ። ቀጥሎ ከአያቶቻቸው የሰሙትን አንድ ኦዱ ዱሪ ወይም አንድ ተረት ወስደው መንገዱ በምርጫ የሚከፈል አድርገው በወረቀት ላይ ይንደፉት፤ ለዚህ መብራት እንኳ አያስፈልግም። የአምቦ ዩኒቨርሲቲም የቋንቋና የኮምፒዩተር ተማሪዎቹን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢያስቀምጥ ወረቀቱ ወደ መስኮቱ ለመሻገር ሩቅ አይሆንም።

እናንተ መምህራን፣ እናንተም የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች፣ ፍርዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት አንዱን ጨዋታ እስከ ፍጻሜው ተጫወቱ። ከዚያ በኋላ ብትነቅፉት ነቀፋችሁ የዐዋቂ ነቀፋ ይሆናል፤ ተማሪውም ያደምጣችኋል። ሳታዩ ብትፈርዱ ግን ልጁ የእናንተን ፍርድ አልፎ መሄዱ አይቀርም፤ የሚሄደውም ማንም ሳይመርጥለት፣ የሰው ታሪክ በሰው ቋንቋ ወደሚነገርበት ቤት ነው። ጨዋታውስ ይቀጥላል፤ ያልተወሰነው ነገር የእኛ ተረት በውስጡ ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው ብቻ ነው።