መተሐራ ላይ የተቋረጠው ነዳጅ

አምና ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሲጨርስ ለስጦታ ምን እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። ሱፍ ወይም ሰዓት ይላል ብዬ ነበር። «አባዬ፣ ለመኪናዬ የምገዛው አንድ ትንሽ ዕቃ አለ፤ የሱን ብር ብትሰጠኝ ይበቃኛል» አለኝ። ሰጠሁት። ዋጋውን ጠይቄ ነበር፤ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ግን አልጠየቅሁም።

መኪናዋ በዕድሜ ከእሱ የምትበልጥ ባለ ቱርቦ ቶዮታ ሴሊካ ናት። ቆማ ከነበረችበት ግቢ በርካሽ አግኝቷት ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑዱን ከሥሯ ተኝቶ አሳልፏል። እናቱ «የሰው ልጅ መጠጥ ቤት ሲያመሽ የኛው ዘይት ተቀብቶ በጊዜ ቤቱ ይገባል» እያለች ትመርቀው ነበር። እኔም በልቤ እኮራበት ነበር፤ አልደብቃችሁም።

ዘንድሮ ለፋሲካ እሱና እህቱ አያታቸውን ሊጠይቁ ወደ ድሬዳዋ ተነሡ። አዳማን አልፈው፣ ከመተሐራ ወጥተው ወደ አዋሽ ሲያመሩ አንድ የነዳጅ ቦቴ ከፊታቸው ያዘግማል። ልጄ ፊት ለፊት አየ፤ የሚመጣው መኪና ሩቅ ነው። ወጣና ረገጠ። ልክ ከቦቴው ጎን ሲደርሱ ሞተሩ ድንገት ጸጥ አለ። እህቱ «ግድግዳ የመታን ነው የመሰለኝ» ትላለች፤ ወደ ፊት ስትወረወር ቀበቶው ነው የያዛት። እሱ ደንግጦ እግሩን አላነሣም። መኪናዋ ትስባለች፣ ጸጥ ትላለች፣ ደግሞ ትስባለች። ከፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን እያበራ ወደ ጠጠሩ ወጣላቸው፤ የቦቴው ሹፌርም ፍሬን ይዞ ወደ መስመራቸው አስገባቸው። ሹፌሩ ማን እንደሆነ አናውቅም። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ በጸሎቷ ታስበዋለች።

ይህን የሰማሁት ከተመለሱ በኋላ፣ ያውም ከልጅቷ ነው። እሱ ሊነግረኝ አልደፈረም። ስጠይቀው ግን መፍትሔውን ይዞ ነበር የጠበቀኝ፦ «የሞተሩ ኮምፒውተር ነው ነዳጁን የቆረጠው፤ ያንን የሚያስቀር ትንሽ ዕቃ አለ፤ ጓደኛዬ ይገጥምልኛል።» ልጆቼን ሊያስጨርስ የነበረ ነገር የሚቀር ከሆነማ ምን ያከራክራል? ብሩን ልሰጠው ከኪሴ አውጥቼ ነበር። ያቆመኝ ያ «ትንሽ ዕቃ» የሚለው ቃል ነው። አምናም እንዲሁ ብሎኝ ነበርና።

ስለዚህ መኪናዋን ይዘን ወደ ሰፈራችን አንጋፋ መካኒክ ሄድን። ጋሼ ብዙ አይናገሩም። ኮፈኑን አስከፍተው ትንሽ ካዩ በኋላ አንዲት አውራ ጣት የምታህል ቫልቭ በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ይቺን ማን ገጠማት?» ልጄ መሬት መሬት አየ። የእኔ የምረቃ ስጦታ ነበረች።

ቱርቦ ምን እንደሆነ ለኔ ሲያስረዱኝ «ወናፍ ነው» አሉኝ። አንጥረኛው በወናፍ አየር እየነፋ ፍሙን እንደሚያግለው፣ ቱርቦም ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ ንጹሕ አየር አፍኖ ወደ ሲሊንደር ያስገባል። አየር ሲበዛ ብዙ ቤንዚን ይቃጠላል፣ ጉልበት ይገኛል። ልኩ እንዳያልፍ ደግሞ ግፊቱ ሲደርስ ጭሱን በሌላ በኩል የምታስተነፍስ በር አለች። የልጄ ቫልቭ ሥራዋ ያችን በር ማታለል ነው፤ ወደ በሯ ከሚሄደው ግፊት ጥቂቱን ታፈስና በሯ ዘግይታ እንድትከፈት ታደርጋለች። ወናፉ የበለጠ ይነፋል።

ችግሩ ነዳጁ ነው። ፋብሪካው የገጠመው ፓምፕና ኢንጀክተር የሚችሉት ልክ አላቸው። አየሩ ከዚያ ሲያልፍ ቤንዚኑ ያንሳል፣ እሳቱ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ቤንዚኑም ካንዴላው ያቀጣጠለውን እሳት ሳይጠብቅ በየጥጉ በራሱ ይፈነዳል። ፒስተን የሚበሳው፣ የቴስታታ ጋስኬት የሚቃጠለው ያኔ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በሴንሰር እያነበበ፣ ግፊቱ ከተወሰነለት ሲያልፍ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል። እግርህን ስታነሣና ግፊቱ ሲወርድ መልሶ ይከፍታል።

«ታዲያ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ለምን አላደረገችውም?» አለ ልጄ። ስድስት ወር ሙሉ ሲነዳት ምንም አልነበረም።

ጋሼ እርሳስ አወጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ናት፤ አየሯ ስስ ነው፣ ግፊቱ ወደ 0.76 ባር። ልጄ ቫልቯን ያስተካከላት 0.9 ባር ላይ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የለጠፈው ጌጅ የሚያሳየው ግን በዙሪያው ካለው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ድምሩን ነው፦ 1.66። መተሐራና አዋሽ ወደ 1,000 ሜትር ይወርዳሉ፤ እዚያ አየሩ ራሱ 0.9 ባር ገደማ ነው። ቫልቯም፣ በሯም፣ ጌጁም ይህን አያውቁም። ያው 0.9 ሲጨመርበት 1.8 ሆነ። ጌጁ ላይ ያለው መርፌ ቦሌ መንገድ ላይ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሞ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው አየር ግን በዝቷል።

ልጄ ወረቀቱን ወስዶ ደጋግሞ አየው። ምሕንድስና የተማረ ልጅ ነው፤ ሒሳቡ ከብዶት አልነበረም። ማንም አልጠየቀውም እንጂ።

እኔ ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። «ጋሼ፣ ያ መቁረጡ እኮ ነው ሊገድላቸው የነበረው» አልኳቸው። «የጮኸውን ውሻ ገድለህ ሌባውን ልታስገባ ነው?» አሉኝ። ጓደኛው ሊገጥምለት የነበረው ዕቃ ለኮምፒውተሩ የሐሰት ቁጥር የሚነግር ነው፤ ግፊቱን አይቀንስም። ያኔ መኪናዋ ምንም ሳትነግረው ትስባለች፣ አንድ ቀን ደግሞ ከቦቴ ጎን ፒስተኗ ይበሳል። የተቆረጠ ነዳጅ እግር ሲነሣ ይመለሳል። የተበሳ ፒስተን አይመለስም።

ጋሼ ቫልቯን ነቅለው ቱቦውን እንደ ፋብሪካው በቀጥታ ገጠሙት። የፈጀባቸው ሃያ ደቂቃ ነው፤ ለዚህም ብር አልቀበልም ብለው ተጨቃጨቅን። ልጄን አልገሠጹትም። «ጉልበት ከፈለግህ በመጀመሪያ ኢንጀክተርና ፓምፕ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን የሚያስተካክል ሰው፣ የአየርና የነዳጅ ድርሻ የሚያሳይ ጌጅ። ወናፉን መጨረሻ ላይ ትነካለህ፤ ስትሞክራትም ቆላ ወርደህ ሞክራት» አሉት። ማታ ዋጋውን ሲደምር አየሁት። ከመኪናዋ በልጧል። ደብተሩን ዘግቶ ተኛ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እንሞክራት ብለን ወረድን፤ እሱ መሪ ይዞ፣ እኔ ጎኑ፣ ጋሼ ከኋላ። ልጅቷን ብንጠራት «እኔ በባቡር ነው የምሄደው» ብላ ቀረች። አዳማ ሽንኩርት ገዛን። ከመተሐራ በኋላ ባዶ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጣት፤ መርፌው ከፋብሪካው ልክ አላለፈም፣ ሞተሩም አልቆረጠም። «ሰንፋለች» አለኝ ቀስ ብሎ። ትንሽ እንደሄድን ከፊታችን አንድ ቦቴ አገኘን። ልጄ በመስታወቱ ጋሼን አየና «ልቅደም?» አለ።

«ምን ያስቸኩልሃል?» አሉት። አዋሽ እስክንገባ ከኋላው ሄድን።