ሴቶች ለሴቶች የጻፉት ፊደል

ሴት ልጃችሁን ድራችሁ ስትሸኙ የጎጆ መውጫ ዕቃዋን ማሰናዳታችሁ አይቀርም። በደቡብ ቻይና፣ በሁናን ክፍለ ሀገር፣ ጂያንግዮንግ በተባለው ወረዳ ግን ለሙሽራ ከሚሰጡት ውድ ስጦታዎች አንዱ ትንሽ መጽሐፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀድሞው የቻይና ሥርዓት፣ በኮንፊሺየስ ተከታዮች ትምህርት መሠረት፣ ሴት ሳታገባ ለአባቷ፣ ስታገባ ለባሏ፣ ባሏ ሲሞት ደግሞ ለወንድ ልጇ መታዘዝ ነበረባት። በልጅነቷ እግሯ እንዳያድግ በጨርቅ ስለሚጠፈነግ ከቤት ርቃ መሄድ ይቸግራታል። ትምህርት ቤቱ የወንድሟ እንጂ የእርሷ አልነበረም። በሺህ የሚቆጠሩት የቻይና የጽሕፈት ምልክቶችም በአመዛኙ የወንዶች ሀብት ሆነው ኖረዋል።

የጂያንግዮንግ ሴቶች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። «ኑሹ»፣ ማለትም «የሴት ጽሕፈት» የተባለ የራሳቸው ፊደል ነበራቸው። ምልክቶቹ ጥቂት መቶ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው፣ እንደ እኛው ፊደል፣ የሚወክሉት የአነጋገርን ድምፅ ነው። ቅርጻቸው ቀጠን፣ ዘንበል ያለ ነው። ልጃገረዶች ተሰብስበው ጥልፍ ሲጠልፉ እናት ለልጇ፣ አክስት ለወንድሟ ልጅ ታስተምራለች። በወረቀትና በማራገቢያ ላይ ይጽፉታል፤ በመሐረብ ላይም በክር ይጠልፉታል። የጻፉትን የሚያነቡት በዜማ ነበር።

ልጃገረዶቹ በቃል ኪዳን እህትማማች የመሆን ልማድ ነበራቸው። ከመካከላቸው አንዷ ስታገባ እናቷና ባልንጀሮቿ በጨርቅ የተለበጠ መጽሐፍ አዘጋጅተው በሠርጉ በሦስተኛው ቀን ይልኩላታል። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ምርቃታቸውንና የመለያየት ኀዘናቸውን ያሰፍራሉ። የቀሩት ገጾች ባዶ ናቸው። እነዚያ የራሷ ናቸው፤ በባዕድ ቤት ለማንም የማትናገረውን ትጽፍባቸዋለች። የጥልፍ ክሯንም በገጾቹ መካከል ታስቀምጣለች። ስትሞት መጽሐፉ ብዙውን ጊዜ አብሯት ይቀበራል፣ ወይም ይቃጠላል። ዛሬ የጥንቶቹ መጻሕፍት በብዛት የማይገኙት ስለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1949 በኋላ የሴቶች ትምህርት ሲስፋፋ ኑሹን የምታጠና ልጃገረድ እየጠፋች ሄደች። በቀድሞው ልማድ ፊደሉን ከተማሩት የመጨረሻዋ ናቸው የሚባሉት ያንግ ሁዋንዪ በዘጠናዎቹ ዕድሜያቸው እ.ኤ.አ. በ2004 አረፉ። በ2006 ቻይና ኑሹን በብሔራዊ የባህል ቅርስነት መዘገበችው።

ፊደሉ ሥራ በመፍታቱ እንዘን ወይ? ልጃገረዶች በትምህርት ቤት በር በመግባታቸው ነውና ደስ ሊለን ይገባል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ዛሬ ብዕሩ በእጃችን ነው። ነገር ግን ከመሥሪያ ቤቱና ከማጀቱ ሥራ መካከል ጊዜ ቆርጠን፣ የልባችንን ለልጃችን ወይም ለባልንጀራችን የጻፍንላት ስንቶቻችን ነን?

እንግዲህ ልጃችሁን ስትድሩ ከድስቱና ከብርድ ልብሱ ጋር አንድ ደብተር ጨምሩላት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ እናንተ ጻፉ። የቀረውን ለእርሷ ተዉላት።