የምዘናው መለኪያ ከተማሪው ሊሰወር አይገባም

ዩኒቨርሲቲ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ልማድም የሚቀሰምበት ተቋም መሆኑ የማይታበል ሐቅ ነው። ወጣቱ ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ዳኛ ወይም መምህር ሆኖ ሌላውን የሚመዝነው ዛሬ እርሱ ራሱ በተመዘነበት ሚዛን ነውና፣ ስለ ኮርስ መግለጫና ስለ ምዘና የሚነሣው ጥያቄ እንደ ተራ የቢሮ ጉዳይ ሊታይ አይገባውም።

ተማሪዎች «ኮርስ አውትላይን» የሚሉት ሰነድ ምንድን ነው? የሚሰጡትን ርእሶች፣ የሚነበቡትን መጻሕፍት፣ እንዲሁም የቤት ሥራው፣ የአጋማሹና የማጠቃለያው ፈተና ከመቶ ስንት ስንት እንደሚይዙ አስቀድሞ የሚያስታውቅ ውል ነው። ውል ደግሞ ሁለቱንም ወገኖች ያስራል። ተማሪው በክፍል የመገኘትና ሥራውን በራሱ ጥረት የመሥራት ግዴታ እንዳለበት ሁሉ፣ መምህሩም ባስታወቀው መሠረት የማስተማርና የመመዘን ግዴታ አለበት። የነጥቡን ድልድል በሴሚስተሩ አጋማሽ በድንገት መለወጥ፣ ያላስተማሩትን መጠየቅ፣ የታረመውን ወረቀት ሳያሳዩ የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ማሳወቅ ይህን ውል ማፍረስ ነው።

አንዳንዶች ይህን አባባል የመምህሩን የአካዳሚክ ነፃነት እንደ መጋፋት ይቆጥሩታል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ይህን ነፃነት ማረጋገጡ እውነት ነው፤ ይኸው አዋጅ ግን የተማሪዎችንም መብትና ግዴታ ደንግጓል። ነፃነቱ የማስተማሪያ ስልትንና የምርምር አቅጣጫን የመምረጥ እንጂ መለኪያን የመሰወር አይደለም። የተማሪው ቁጥር በበዛበት ክፍል ወረቀት ሁሉ በጥንቃቄ አርሞ በጊዜ መመለስ አድካሚ መሆኑን አንክድም። መፍትሔው ግን የመምህራንን የሥራ ድልድል ማመጣጠን እንጂ ሸክሙን በተማሪው ጫንቃ ላይ መጣል ሊሆን አይችልም።

የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ከተደረገ ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ ከብዷል። ከመቶ 50 ያላመጣ ተማሪ ፈተናውን ደግሞ እስኪያልፍ ድረስ ዲግሪውን አይቀበልም። እንግዲህ በመግለጫው ላይ ሰፍረው ሳይሰጡ የቀሩት ምዕራፎች ዕዳ የሚጠየቀው ከተማሪው መሆኑ ነው።

አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በግልጽ መለኪያ ተመዝኖ የወደቀ ተማሪ ራሱን ይጠይቃል፤ ምክንያቱን ሳያውቅ የወደቀ ግን ተቋሙን ይጠራጠራል። ጥርጣሬ ከሰፈነ ደግሞ ትጋት ይላላል፤ ከመጽሐፍ ይልቅ አማላጅ ይፈለጋል።

ስለሆነም የኮርሱ መግለጫ በመጀመሪያው ሳምንት በጽሑፍ ይሰጥ፤ የታረመ ፈተና ለባለቤቱ ይታይ፤ ቅሬታ የቀረበበት ውጤት በሌላ መምህር ይመርመር፤ መጠየቅም እንደ ድፍረት ተቆጥሮ ቂም አይያዝበት። ተማሪውም በበኩሉ መብቱን የስንፍና መሸሸጊያ እንዳያደርገው አበክረን እናሳስባለን። መለኪያው በግልጽ ሲታወቅ የመምህሩ ክብርም ሆነ የዲግሪው ዋጋ ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም።